በ58 ዓመቴ ቤዝቦል ያዘኝ፤ ጤና ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 58 ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ የምሠራው ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ሆስፒታል ነው። አምና ሰመር ላይ ጉልበቴን ቀዶ ሕክምና ተደርጌ ቤት ዋልኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ማታ ማታ ቤዝቦል ነበር። ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ ምንም አልገባኝም። አሁን ግን የዋሽንግተኑ ቡድን የናሽናልስ ጨዋታ ካመለጠኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሲሸነፉ ቆሽቴ ያራል፤ እነሱ ደግሞ መሸነፍ ልማዳቸው ነው። ባለቤቴ "ካረጁ አይበጁ" እያለ ይተርተኛል። እዚህ ያደገችው ልጄ "እማዬ፣ አካበድሽው" ትለኛለች። የሥራ ባልደረቦቼ በልጅነታቸው አባታቸው ይዟቸው ስታዲየም ስለገባበት ቀን ሲያወሩ እኔ የምለው ይጠፋኛል። የማስመስል እየመሰለኝ አፍራለሁ። ሕጉንም ገና አልጨረስኩትም። ለምሳሌ ሦስት ስትራይክ (የሳተው ወይም ሳይመታ ያሳለፈው ትክክለኛ ውርወራ) የሞላበት መቺ አንዳንዴ ለምን ወደ ቤዝ እንደሚሮጥ እስካሁን አልገባኝም። ለመሆኑ በዚህ ዕድሜ እውነተኛ ደጋፊ መሆን ይቻላል? ወይስ እንግዳ እንደሆንኩ ልቀር ነው?

ዘግይታ የመጣች

መልስ፦ ውድ እህቴ፣

እንኳን ጉልበትዎ ዳነልዎት። ወደ ጥያቄዎ ልግባ። ጤና ነው። እውነተኛ ደጋፊ መሆን ይቻላል ወይ ላሉት ደግሞ፣ እርስዎ ከሆኑ ቆይተዋል።

ማስረጃው ደብዳቤዎ ውስጥ ነው። "ሲሸነፉ ቆሽቴ ያራል" ብለዋል። የሚያስመስል ሰው በሽንፈት ቆሽቱ አያርም። እሱ ቡድኑ ዋንጫ ሲያነሳ ኮፍያ ገዝቶ ብቅ ይላል፤ ሲሸነፍ ይጠፋል። የእርስዎ ቡድን ደግሞ ለማስመሰል የሚመች አይደለም። ናሽናልስ ዋንጫ ያነሱት በ2019 ነው። ከዚያ በኋላ ከ2020 እስከ 2025 በነበሩት ስድስት የውድድር ዓመታት አንዴም ድላቸው ከሽንፈታቸው በልጦ አያውቅም። በ2022 ብቻ 107 ጨዋታ ተሸንፈዋል። እንዲህ ያለ ቡድን ይዞ ማታ ማታ የሚያመሽ ሰው ለታይታ ነው ቢባል ማን ያምናል?

እንግድነቱን እንይ። ባልደረቦችዎ ስለ አባታቸው ሲያወሩ የሚሰማዎት ስሜት ይገባኛል። የሚያወሩት ስለ ጨዋታው ብቻ አይደለም። ስለ አባታቸው እጅ፣ ስለ ልጅነታቸው ነው የሚያወሩት። ያንን ማንም ሊወስድባቸው አይችልም። እርስዎም በዚያ መቅናት የለብዎትም፤ የእርስዎ ልጅነት ሌላ ቦታ፣ በሌላ ጨዋታ አልፏል። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ዋሽንግተን ከተማ ራሷ በዚህ ነገር ዘግይታ የመጣች ናት። የድሮው ቡድኗ ሴኔተርስ በ1971 መጨረሻ ላይ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቴክሳስ ሄደ። ከዚያ በኋላ እስከ 2004 ድረስ፣ 33 የውድድር ዓመት ሙሉ፣ የአሜሪካ ዋና ከተማ በከፍተኛው የቤዝቦል ውድድር፣ በሜጀር ሊግ፣ የራሷ ቡድን አልነበራትም። በእነዚያ ዓመታት እዚያ ያደገ ልጅ ቤዝቦል ማየት ካማረው አባቱ ወደ ባልቲሞር ነበር የሚወስደው። አሁን የሚደግፉት ናሽናልስም የዚያች ከተማ ተወላጅ አይደለም። በ1969 ካናዳ ውስጥ፣ ሞንትሪያል ላይ የተቋቋመ ቡድን ነው። በ2005 ነው ወደ ዋሽንግተን የተዛወረው። እንግዲህ ቡድኑም እንደ እርስዎ ስደተኛ ነው። በ2005 ስታዲየም የገቡት የ50 እና የ60 ዓመት ሰዎችም ከዚህ ቡድን ጋር ከዜሮ ነው የጀመሩት።

ደግሞ ይህን ጨዋታ ዛሬ የምናየው ዓይነት ካደረጉት ሰዎች መካከል ከጊዜ በኋላ የመጡ አሉ። ሄንሪ ቻድዊክ የሚባል ጋዜጠኛ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ በ1824 ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ መጣ። የሚዘግበው ክሪኬት ነበር። ቤዝቦልን ከልቡ ያየው በ1856፣ ከ30 ዓመቱ በኋላ ነው፤ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሆቦከን ላይ። ያኔ ለቀቀው ማለት ዘበት ነው። የጨዋታውን ውጤት በሰንጠረዥ አድርጎ ጋዜጣ ላይ ማውጣትን ያስለመደው እሱ ነው። ዛሬ ልጅዎ ስልኳ ላይ የምታየው የቁጥር መዓት ሁሉ ምንጩ ያ ሰንጠረዥ ነው። ሰውየው በኋላ የቤዝቦል ታላላቆች የሚከበሩበት የዝነኞች አዳራሽ ገብቷል።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን ሃይሜ ሃሪን ነው። ኢኳዶር ተወልዶ በ1955፣ በ19 ዓመቱ፣ ሎስ አንጀለስ የገባ ሰው ነው። እግር ኳስ ከሚወድ አገር መጥቶ ቤዝቦል የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ዶጀርስ የሚባለው የቤዝቦል ቡድን ሰዎች በ1958 ከብሩክሊን ወደ ሎስ አንጀለስ ሲመጡ እሱ የሚሠራበት የስፓኒሽ ሬዲዮ ጨዋታቸውን ሊያስተላልፍ ሆነ። አለቃው "አንተ ታስተላልፋለህ" አለው። ሃሪን ጨዋታውን የሚማርበት ጊዜ ጠየቀ። ተማረ። በ1959 ማይክሮፎኑን ያዘ፣ እስከ 2022 ድረስም አልለቀቀውም። ስንትና ስንት ስደተኛ ቤተሰብ ቤዝቦልን ያወቀው በእሱ ድምፅ ነው። በ1998 የዝነኞች አዳራሽ ለአስተላላፊዎች የሚሰጠውን ሽልማት ሸለመው። እርግጥ እሱ ወጣት ነበር። ግን አባቱ አቅፎ ስታዲየም አላስገባውም።

አሁን ደግሞ ለእርስዎ ብቻ የሚሆን ነገር ላንሳ። የሚሠሩት ዋሽንግተን ውስጥ ሆስፒታል ነው ብለዋል፤ የትኛው እንደሆነ አልነገሩኝም። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ግን ሳያውቁት አይቀሩም፤ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለውን። እሱ የቆመበት መሬት ቀድሞ ስታዲየም ነበር። ግሪፊዝ ስታዲየም ይባላል። በዚያው ሴኔተርስ በሚል ስም ይጠራ የነበረ የቀደመ ቡድን በ1924 ዋንጫ የወሰደው እዚያ ነው። ስታዲየሙ በ1965 ፈረሰ፣ ሆስፒታሉ ተተካ። መቺው የሚቆምበት ሆም ፕሌት የነበረበት ቦታ ዛሬ ሆስፒታሉ ውስጥ ምልክት ተደርጎበታል።

እዚያ ሜዳ ላይ ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባል ቡድንም ይጫወት ነበር። ጥቁር ተጫዋቾች ሜጀር ሊግ እንዳይገቡ በተከለከሉበት ዘመን የራሳቸው ሊጎች ነበሯቸው፤ ግሬይስ ከነዚያ ሊጎች ኃያላን አንዱ ነበር። ከተጫዋቾቹ መካከል ጆሽ ጊብሰን ይገኝበታል። ካቸር ነው፣ ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሷን የሚይዝ፤ ሲመታ ግን እንደሱ ያለ አልነበረም። ሜጀር ሊግ በ2024 የነዚያን ሊጎች አኃዝ ከራሱ መዝገብ ጋር ሲያዋህድ የጊብሰን የዕድሜ ልክ የምት አማካይ .372 (ከሺህ ሙከራ 372 ምት እንደማለት) ሆኖ ከሁሉም በላይ ተቀመጠ። እሱ ግን ይህን አላየም። የሞተው በጥር 1947 ነው፤ ገና በ35 ዓመቱ። ከሦስት ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 15፣ ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ በሩን ከፈተው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሳቸል ፔጅ የሚባለው ዝነኛ ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ፣ የክሊቭላንድ ቡድን ገባ፤ በ42 ዓመቱ። ሌላው ሰው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ እሱ ሜጀር ሊግ ጀመረ። የዘገየው ግን በራሱ ስንፍና አይደለም፤ በሩ ስለተዘጋበት ነው።

ይህን ሁሉ የምነግርዎ ታሪክ ላስጠናዎት ብዬ አይደለም። ባልደረቦችዎ የአባታቸውን ነገር ሲያነሱ እርስዎም የሚያነሱት አለዎት ለማለት ነው። የሚያልፉበት መንገድ፣ ምናልባትም የሚሠሩበት ሕንጻ፣ የዚህ ጨዋታ ታሪክ ያለበት ቦታ ነው። አንድ ቀን የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ሄደው ያንን ምልክት ይዩት። ናሽናልስ ፓርክ ሲሄዱም የጊብሰን ሐውልት አለ፤ ሳያዩ እንዳይመለሱ።

ሕጉን ገና አልጨረስኩም ላሉት አይጨነቁ። ማንም አልጨረሰውም። ከልጅነታቸው የሚያዩትም ሰዎች በቅርብ ዓመታት እንደ አዲስ እየተማሩ ነው። በ2023 ፒቸሩ ላይ ሰዓት ተቆጠረበት፤ ቤዝ ላይ ሯጭ ከሌለ በ15 ሴኮንድ ውስጥ መወርወር አለበት። በዋናነት በዚህ ምክንያት ያን ዓመት አንድ ጨዋታ በአማካይ ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወረደ፤ ከቀደመው ዓመት በ24 ደቂቃ ያጠረ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ቤዞቹ ሰፉ፣ ተከላካዮች የሚቆሙበት ቦታ ላይም ገደብ ተደረገ። ከ2026 ጀምሮ ደግሞ ዳኛው ቦል (ከመቺው ክልል ውጭ ያለፈ ውርወራ) ወይም ስትራይክ ያለውን ተጫዋቹ በማሽን እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። 40 ዓመት ያየውም ሰው "ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" እያለ ነው።

የእኔ ዋና ምክር አንድ ነው፤ ደብተር ይያዙ። የጨዋታውን ሂደት በእጅ መጻፍ ይልመዱ። ለዚህ የሚሆን ወረቀት ስታዲየምም ኢንተርኔትም ላይ ይገኛል፤ ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ካሬ አስምሮ መሥራትም ይቻላል። ሜዳ ላይ የሚቆሙት ዘጠኙ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው። መለያቸው ላይ ያለው ቁጥር አይደለም፤ የቦታቸው ቁጥር ነው። ፒቸሩ 1፣ ካቸሩ 2፣ አንደኛ ቤዝ 3፣ ሁለተኛ ቤዝ 4፣ ሦስተኛ ቤዝ 5፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የሚቆመው ሾርትስቶፕ 6። ከኋላ ሰፊው ሣር ላይ ያሉት ሦስቱ፣ ከመቺው በኩል ሲታዩ ከግራ ወደ ቀኝ 7፣ 8፣ 9።

አሁን አንድ ነገር እንይ። አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ቆሟል። መቺው ኳሷን መሬት ለመሬት ወደ ሾርትስቶፑ ይሰዳታል። ሾርትስቶፑ ጎንበስ ብሎ ያነሳትና ወደ ሁለተኛ ቤዝ ይወረውራል። እዚያ የሚጠብቀው ተጫዋች ቀድሞ መሮጥ ጀምሯል፤ ኳሷና እሱ ቤዙ ላይ እኩል ይደርሳሉ። ቤዙን በእግሩ ነካ፤ ከአንደኛ የሚመጣው ሯጭ አውት፣ ማለትም ከሜዳ ወጣ። ሯጩ እግሩ ሥር ተንሸራትቶ ሲመጣ እሱ ዘለል ብሎ አየር ላይ እንዳለ ወደ አንደኛ ቤዝ ይወረውራል። ኳሷ መቺውን በአንድ እርምጃ ትቀድመዋለች። ሁለት አውት። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከአራት ሴኮንድ ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ነው። ደብተርዎ ላይ የሚጽፉት 6-4-3 ብቻ ነው። ከአንድ ወር በኋላ ያንን ገጽ ሲገልጡ ግን ኳሷ የሄደችበትን መንገድ በሙሉ ያዩታል።

ሲጽፉ ዓይንዎ ይለወጣል። ቴሌቪዥን ኳሷን ተከተል ይላል፤ ደብተሩ ግን "ማን ያዛት? ማን ደረሰባት?" ብሎ ይጠይቅዎታል። ኳስ ወደ አንደኛ ቤዝ ጠባቂው ስትመታ ፒቸሩ ከሚወረውርበት ጉብታ ወርዶ ባዶ የቀረውን ቤዝ ሊሸፍን ሲሮጥ ያያሉ። 3-1 ብለው ይጽፋሉ። በወራት ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያይ የኖረው ባልደረባዎ ልብ ያላላቸውን ነገሮች ማየት ይጀምራሉ። ብዙ ሰው አገር ምድሩን ስለለመደው አያየውም። እርስዎ ገና አልለመዱትም። ይህ ጊዜ አንዴ ነው የሚመጣው፤ ሳያልፍዎ ይጠቀሙበት።

መጀመሪያ ሁሉን ልጻፍ አይበሉ። ለአንድ ሳምንት የናሽናልስን መቺዎች ብቻ ይጻፉ። ስትራይክ አውት የሆነው፣ ማለትም በሦስት ስትራይክ የወጣው፣ ላይ የእንግሊዝኛውን ኬ ፊደል ያስቀምጡ። ዱላውን ሳያነሳ ቆሞ የተቆጠረበት ከሆነ ኬውን ገልብጠው ይጻፉት። ብዙ ኬ ያያሉ፤ አይዘኑ። ከአስር ሦስት ጊዜ የሚመታ ሰው በዚህ ጨዋታ ጎበዝ ነው የሚባለው። ፒቸሩ የሚወረውረው ከ18 ሜትር ከ44 ሳንቲም ርቀት ነው፤ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ ሳይሞላ መቺው ጋር ትደርሳለች። ልምታ አልምታ ብሎ ለመወሰን ከዚያም ያነሰ ጊዜ ነው ያለው።

ስለ ሽንፈቱ ትንሽ ልበል፤ ቆሽትዎን አይቼ ነው። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ይጫወታል። በሳምንት ስድስት ቀን ማለት ይቻላል። እንደ እግር ኳስ ቅዳሜን ጠብቀው፣ ሳምንቱን ሙሉ ተጨንቀው፣ ሁለት ሰዓት ውስጥ የሚፈርዱበት ነገር አይደለም። ቡድኑ እንደ ጎረቤት ነው፤ በየቀኑ ደጁ ላይ ያዩታል፣ አንዳንድ ቀን ደስ ብሎት፣ አንዳንድ ቀን አኩርፎ። ምርጥ የሚባለው ቡድን እንኳ ብዙ ይሸነፋል። ዶጀርስ በ2022 111 ጨዋታ አሸነፉ፤ በዚያ ዓመትም 51 ጊዜ ተሸንፈዋል። ያ ሁሉ ድል ይዘው ፕሌይኦፍ (ለዋንጫ የሚደረገው የጥሎ ማለፍ ውድድር) ገብተው ወዲያው ወደቁ። የእርስዎዎቹ ደግሞ በ2019 ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸንፈው ነበር። ሁሉም ሰው አበቃላቸው ብሎ ነበር። እነሱ ግን ዓመቱን በ93 ድል ጨርሰው፣ ፕሌይኦፍ ገብተው፣ በመጨረሻው የዋንጫ ግጥሚያ፣ በወርልድ ሲሪስ፣ ሂዩስተንን በሰባት ጨዋታ አሸነፉ። አራቱንም ድል ያገኙት በሰው ሜዳ፣ ሂዩስተን ላይ ነው። እርስዎ ያኔ አልነበሩም፤ ይህ እንዳይቆጭዎ። ቀጣዩ ሲመጣ ግን ከመጥፎዎቹ ዓመታት ጀምሮ የነበሩ ሰው ይሆናሉ።

በሽንፈት ማታ ምን ይደረግ? ከጨዋታው አንድ ነገር ይያዙ። ወጣቱ መቺ ሁለት ስትራይክ ተቆጥሮበት ስድስት መጥፎ ኳስ በዱላው ጫፍ እየነካ አባሮ በመጨረሻ በነፃ አንደኛ ቤዝ ከሄደ፣ ቡድኑ ቢሸነፍም ያ ልጅ አንድ ነገር ተምሯል። እሱን ይያዙና ይተኙ። ቆሽት ማረሩ አይቀርም፣ ግን እንቅልፍ እስኪከለክልዎ አይድረስ። ጠዋት ሥራ አለብዎት።

ስለ ቤተሰብዎ። ልጅዎ "አካበድሽው" ያለችው እውነት ያለው ይመስለኛል፤ አይቀየሙኝ። አዲስ ፍቅር የያዘው ሰው ያወራል። እራት ላይ ስለ ሾርትስቶፑ፣ መኪና ውስጥ ስለ ፒቸሩ። ለማይወደው ሰው ይህ ይከብዳል። በቀን አንድ ነገር ብቻ ይንገሯት፤ በጣም የገረመዎትን። ሲበቃት ያቁሙ። ከዚያ ይልቅ አብራችሁ ስታዲየም ሂዱ። ናሽናልስ ፓርክ ከሜትሮው አረንጓዴ መስመር ኔቪ ያርድ ጣቢያ ሲወርዱ ቅርብ ነው። የመጀመሪያ ቀን ከፈለጉ ኤፕሪል 15ን እንድታስቡበት እመክራለሁ፤ ቡድኑ በዚያ ቀን ሜዳው ላይ ካለ። ያን ቀን የሁሉም ቡድን ተጫዋቾች በሙሉ የጃኪ ሮቢንሰንን 42 ቁጥር ለብሰው ነው የሚጫወቱት። በሌላ ቀን ያንን ቁጥር ማንም አይለብሰውም፤ ከ1997 ጀምሮ ለክብሩ ተነስቷል። እዚህ ያደገች ልጅ ይህን ትምህርት ቤት ተምራዋለች። እሷ የምታውቀውን ለእርስዎ ትንገርዎ፣ እርስዎም የጊብሰንን ይንገሯት።

ባለቤትዎን በክርክር አያሸንፏቸውም። "ካረጁ አይበጁ" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ምሽቱን ነው፤ ምሽቱን ቴሌቪዥኑ ወስዶበታል። 162 ማታ ቀላል አይደለም። እንግዲህ ከሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ምሽት ለእሳቸው ይተዉ፤ ያን ቀን ጨዋታው ይለፍዎ። እውነቴን ነው፣ ሁለት ጨዋታ ስላለፈዎ ደጋፊነትዎ አይቀንስም። ሌላውን ቀን በሬዲዮ መከታተል ይሞክሩ። ቤዝቦል ለሬዲዮ የተፈጠረ ነው የሚያስብል ነገር አለው፤ በእያንዳንዱ ውርወራ መካከል አስተላላፊው የሚያወራበት ጊዜ አለ። ከሥራ ሲመለሱ መኪና ውስጥ፣ ወጥ ቤት ሥራ ላይ ሆነው ይሰሙታል፤ ሳሎኑም ነፃ ይሆናል። ደብተርዎንም በሬዲዮ ብቻ መሙላት ሲችሉ ጨዋታው ገብቶዎታል ማለት ነው።

ዋናውን ስታዲየም ብዙ ጊዜ መሄድ ከከበደ ቨርጂኒያ ውስጥ ፍሬድሪክስበርግ የናሽናልስ ታዳጊዎች የሚጫወቱበት ሜዳ አለ። ልጆቹ ገና 19፣ 20 ዓመታቸው ነው። ቅርብ ቁጭ ብለው ኳሷ ጓንት ውስጥ ስትገባ ጯ ስትል ይሰማሉ። ከነሱ አንዱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዋሽንግተን ሲደርስ "እኔ ገና ልጅ ሆኖ አይቼዋለሁ" ይላሉ።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልንገርዎ። ውርርድ ውስጥ አይግቡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 በር ከከፈተ ወዲህ ጨዋታው መሃል ሁሉ የውርርድ ማስታወቂያ ነው። "የሚቀጥለው ውርወራ ቦል ነው ወይስ ስትራይክ?" ብሎ ስልክዎ ላይ ይመጣል። ጨዋታው በየቀኑ ያለ ስለሆነ ፈተናውም በየቀኑ ነው። ገንዘብ ካስገቡበት በኋላ ያንን ወጣት መቺ በፍቅር አያዩትም፤ ዕዳ እንዳለበት ሰው ነው የሚያዩት። ቤዝቦል ራሱ በዚህ ነገር ክፉኛ ተቃጥሏል፤ በ1919 ወርልድ ሲሪስ ምክንያት ስምንት የቺካጎ ዋይት ሶክስ ተጫዋቾች ዕድሜ ልክ ታግደዋል። ልጅዎም ባለቤትዎም በዚህ ከጎኔ ይሆናሉ ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሦስቱ ስትራይክ። ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው አይቶ ዝም የሚለው ነገር ነው። ሦስተኛው ስትራይክ ሲቆጠር ካቸሩ ኳሷን በንጽሕና መያዝ አለበት። መሬት ከነካች ወይም ከእጁ ካመለጠች መቺው ገና አውት አልሆነም። አንደኛ ቤዝ ባዶ ከሆነ ወደዚያ መሮጥ ይችላል። ሁለት አውት ካለ ደግሞ አንደኛ ቤዝ ላይ ሰው ቢኖርም መሮጥ ይችላል። ካቸሩ ኳሷን ፈልጎ ወይ መቺውን መንካት፣ ወይ ቀድሞ ወደ አንደኛ ቤዝ መወርወር አለበት። አንደኛ ቤዝ ላይ ሰው እያለ ከሁለት ያነሰ አውት ካለ ግን አይፈቀድም፤ አለበለዚያ ካቸሩ ሆን ብሎ ጥሏት በአንዴ ሁለት ሰው ያስወጣ ነበር። መቺው ቀድሞ ከደረሰ ቤዙ ላይ ይቆማል። ለፒቸሩ ግን ስትራይክ አውቱ ይመዘገብለታል፤ እርስዎም ደብተርዎ ላይ ኬ ጽፈው አጠገቡ አንደኛ ቤዝ እንደደረሰ ምልክት ያድርጉ። አንዳንዴ አንድ ፒቸር በአንድ ኢኒንግ (ሦስት አውት እስኪሞላ ባለው ተራ) አራት ሰው ስትራይክ አውት አደረገ ሲባል የሚሰሙትም በዚህ ምክንያት ነው።